የተፈረደለት ድምፅ ይከበር!
የከተማ አስተዳደር ለፍርድ ቤት ውሳኔ ሊኖረው ስለሚገባው ተገዥነት



አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» ይሉ ነበር። ሕዝባችን ችግርን ችሎ የኖረ ሕዝብ ነው፤ ያለ ፍርድ መነጠቅን ግን ችሎ አያውቅም። በዚህ ጽሑፍ ልናነሳ የፈለግነው ተረቱ ያላነሳውን ሦስተኛ ዓይነት ሰው ጉዳይ ነው። ይህ ሰው ፍርድ ቤት ሄዷል፤ ተከራክሯል፤ ተፈርዶለታል። ይሁን እንጂ ፍርዱ በመዝገብ ቤትና በጽሕፈት ቤት መካከል ሲንከራተት የምርጫው ቀን አልፎበታል። በቅሎውም ጭብጦውም በእጁ የሉም፤ ያለው ማህተም ያረፈበት ወረቀት ብቻ ነው።

ከአባሎቻችን ጋር በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ የቆምንበትን ጠዋት አንረሳም። በእጃችን የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነበር። ከሌላ አካባቢ ተነስተው ወደ ወረዳው የገቡ ነዋሪዎች ላቀረቡት የመታወቂያ ጥያቄ ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጥ የሚያዝ ነው። የተቀበለን ወጣት ሠራተኛ ትሁት ሰው ነበር። ትእዛዙን ሁለት ጊዜ አነበበና «ጋሼ፣ እኔ ምን ላድርግ? ከበላይ አካል ደብዳቤ አልደረሰንም» አለን። ፍርድ ቤት የበላይ አካል አይደለም ወይ ብለን ጠየቅነው። «እሱን አላውቅም ጋሼ፤ እኛ የምናውቀው ክፍለ ከተማውን ነው» ሲል መለሰ። ደብዳቤው ሲደርስ የመራጮች ምዝገባ ተዘግቶ ነበር። ከነዋሪዎቹ መካከል የነበሩ አንዲት እናት የትእዛዙን ግልባጭ አጣጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩትና «እንግዲህ ለሚቀጥለው ይሆነናላ ልጄ» አሉ።

በዚያ ወጣት ላይ ቂም የለንም። ያን መልስ ያስተማረው ሥርዓት ነው። ፓርቲያችን በዚህ ምርጫ ሊለውጠው የተነሳው አንዱ ነገርም ይህ «ከበላይ አካል ደብዳቤ አልደረሰንም» የሚል መልስ ነው።

1. ሕጉ ምን ይላል?

የኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 የመምረጥና የመመረጥ መብትን ደንግጓል። አንቀጽ 49 የአዲስ አበባ ነዋሪ ራሱን በራሱ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን እንዳለው ይገልጻል። አንቀጽ 79 የዳኝነት ሥልጣን የፍርድ ቤቶች ብቻ መሆኑንና ፍርድ ቤቶች ከማንኛውም ተጽዕኖ ነፃ መሆናቸውን ያረጋግጣል። አንቀጽ 9 ደግሞ ማንኛውም ዜጋ፣ የመንግሥት አካልና የፖለቲካ ድርጅት ለሕገ መንግሥቱ ተገዥ የመሆን ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል። እነዚህ አራት አንቀጾች አንድ ላይ ሲነበቡ የሚሰጡት ትርጉም ግልጽ ነው። ፍርድ ቤት ስለ ድምፅ መብት የወሰነው ውሳኔ ከከንቲባ ጀምሮ እስከ ወረዳ መዝገብ ቤት ድረስ ያሉትን ሁሉ ያስገድዳል። ሌላ ደብዳቤ አያስፈልገውም።

አንዳንድ ወገኖች ምርጫን የሚያስፈጽመው ምርጫ ቦርድ ስለሆነ የከተማው አስተዳደር ከጉዳዩ የለበትም የሚል ክርክር ያቀርባሉ። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ምርጫውን ቦርዱ ያስፈጽማል፤ ነገር ግን መታወቂያ የሚሰጠው ወረዳው ነው። የምርጫ ሕጉ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 መራጩ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ እንዲሆን ይጠይቃል፤ የነዋሪነቱ መዝገብ የሚገኘው ግን በወረዳው ካቢኔት ውስጥ ነው። የስብሰባ አዳራሾች በከተማው እጅ ናቸው። በ1983 ዓ.ም. በወጣው የሰላማዊ ሰልፍና ስብሰባ አዋጅ ቁጥር 3 መሠረት ሰልፍ የሚያደርግ ወገን ከ48 ሰዓት በፊት የሚያሳውቀው ለከተማው አስተዳደር ነው። አስተዳደሩ ጊዜው ወይም ቦታው ይቀየር የሚል ከሆነ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ መግለጽ አለበት፤ ከቶ አይደረግም ማለት ግን አይችልም። ስለዚህ ከተማው ቁልፉን በኪሱ ይዞ «እኔ የበሩ ባለቤት አይደለሁም» ሊል አይገባውም።

2. በአገራችን የታየው

በአገራችን ስለ ምርጫ የተሰጡ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ጥቂት ቢሆኑም ትምህርታቸው ትልቅ ነው።

የመጀመሪያው የ1997 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ምርጫ ቦርድ ባወጣው መመሪያ ምክንያት በርካታ አገር በቀል ድርጅቶች ምርጫውን እንዳይታዘቡ ተከለከሉ። ድርጅቶቹ ከሰሱ፤ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አጸናው። በአገራችን የዳኝነት ታሪክ ሊወሳ የሚገባው ውሳኔ ነው። ዳሩ ግን የመጨረሻው ውሳኔ የተሰጠው ግንቦት 7 ቀን ሊካሄድ ለነበረው ምርጫ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነበር። ታዛቢ አሰልጥኖ፣ መታወቂያ አዘጋጅቶ፣ ወደየገጠሩ አሰማርቶ ለመጨረስ የሚበቃ ጊዜ አልነበረም። ፍርዱ ተከበረ፤ ጊዜው ግን አልተመለሰም።

ሁለተኛው የዚያው ዓመት ነው። የምርጫው ዕለት ማታ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ሰልፍና የአደባባይ ስብሰባ ለአንድ ወር ታገደ። ቅንጅት እግዱን በመቃወም ፍርድ ቤት ሄደ። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ መራው፤ ጉባኤውም እግዱ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ። በዚህ ውሳኔ ዛሬም አንስማማም። ሆኖም የምናነሳው ለወቀሳ አይደለም፤ የዜጎች መብት በፍርድ ቤት አዳራሽ መልስ ሳያገኝ ወደ ሌላ አዳራሽ ሲተላለፍ የከተማው ነዋሪ የት ሄዶ እንደሚጮህ ግራ እንደሚገባው ለማሳየት ነው።

በዚያ ምርጫ ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸንፎ እንደነበር ሁሉም ያስታውሳል። ከተማዋ ግን በመረጠቻቸው ሰዎች አልተዳደረችም፤ በ1998 ዓ.ም. የባለአደራ አስተዳደር ተሰየመላት። ለዚህ ውጤት ገዥው ፓርቲ ከፍተኛውን ድርሻ ይወስዳል ብለን እናምናለን። የተቃዋሚው ጎራም ምክር ቤቱን ልረከብ ወይስ ልተው በሚል ክርክር የነዋሪውን አደራ በሚገባ አለመጠበቁን ሳንሸሽግ እንናገራለን። የራሱን ስህተት የማይናገር ድርጅት የሌላውን ስህተት ሲናገር የሚያምነው የለም።

ሦስተኛው የ2013 ዓ.ም. ነው። በእስር ላይ የነበሩ የባልደራስ ለእውነተኛ ዴሞክራሲ ፓርቲ አመራሮች በዕጩነት እንዳይመዘገቡ ምርጫ ቦርድ ወሰነ። ጉዳዩ በይግባኝ ተጉዞ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ደረሰ፤ ችሎቱም በግንቦት ወር ይመዝገቡ ሲል ወሰነ። ቦርዱ በመጀመሪያ የድምፅ መስጫ ወረቀት ታትሟል፤ መፈጸም ይከብዳል የሚል ምላሽ ሰጠ። በመጨረሻ ግን ለውሳኔው ተገዝቶ መዘገባቸው፤ ሰኔ 14 ቀን በተደረገው ምርጫም በአዲስ አበባ ዕጩ ሆነው ቀረቡ። ቦርዱ በመጨረሻ ላደረገው ተገቢውን ክብር እንሰጣለን። ነገር ግን አንድ ዕጩ ምርጫው ሦስት ሳምንት እስኪቀረው ድረስ ዕጩ መሆኑን ሳያውቅ፣ መራጩም ሳያውቀው መቆየቱ ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማስረዳት የሕግ ትምህርት አያስፈልግም።

ከሦስቱም የምንወስደው ትምህርት አንድ ነው። በድምፅ ጉዳይ ፍርድ የሚመዘነው በይዘቱ ብቻ አይደለም፤ በሚፈጸምበት ቀንም ነው። ብድር ቢዘገይ ወለድ ይታሰብበታል። ቤት በስህተት ቢወሰድ ካሣ ይከፈልበታል። ላለፈ ምርጫ ግን ወለድም ካሣም የለውም።

3. ሌሎች ከተሞች ምን አደረጉ?

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ዴሞክራሲዋ ረጅም ዕድሜ ያስቆጠረው አሜሪካም ብዙ ተፈትናበታለች። የሦስት ከተሞችን ታሪክ በአጭሩ እናንሳ።

በአላባማ ክፍለ ግዛት ቱስኪጊ የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1957 የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት አራት ማዕዘን የነበረውን የከተማዋን ወሰን 28 ጎን ወዳለው ቅርጽ ለወጠው። ከ400 ገደማ ጥቁር መራጮች ከአራት ወይም ከአምስቱ በስተቀር ሁሉም ከከተማዋ ውጭ ሆኑ፤ አንድም ነጭ መራጭ አልወጣም። ቤታቸው አልፈረሰም፤ መንገዳቸው አልተቀየረም፤ በካርታ ላይ በተሰመረ መስመር ብቻ የከተማቸው መራጭ መሆናቸው ቀረ። ቻርልስ ጎሚሊየን የተባሉ መምህር ከሌሎች ነዋሪዎች ጋር ከንቲባውንና ባለሥልጣናቱን ከሰሱ። በ1960 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤቱታቸው እውነት ከሆነ ሕገ መንግሥቱ የሚከለክለው ድርጊት ነው ብሎ ወሰነ፤ በተከታዩ ዓመት የቀድሞው ወሰን ተመለሰ።

በዚያው ክፍለ ግዛት ያለችው ሞቢል ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠች። ከ1911 ጀምሮ ትተዳደር የነበረው መላው ከተማ በአንድነት በሚመርጣቸው ሦስት ኮሚሽነሮች ነበር። ከነዋሪው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ጥቁር ሆኖ ሳለ አንድም ጥቁር ኮሚሽነር ተመርጦ አያውቅም። በ1976 የፌዴራል ዳኛ ከተማዋ በወረዳ ተከፋፍላ እንድትመርጥ አዘዘ። ከተማዋ ይግባኝ አለች፤ በ1980 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የማግለል ሐሳብ መኖሩ መረጋገጥ አለበት ብሎ ለከተማዋ ፈረደ። የአገሪቱ ምክር ቤት በ1982 የምርጫ መብት ሕጉን አሻሻለ፤ ክርክሩ እንደገና ታይቶ የማግለል ሐሳብ እንደነበር ተረጋገጠ። በ1985 ሞቢል ከንቲባና ከየወረዳው የሚመረጡ ሰባት የምክር ቤት አባላት ያሉት አስተዳደር አቋቋመች፤ ሦስት ጥቁሮችም ለምክር ቤቱ ተመረጡ። ክሱ ከቀረበ አሥር ዓመት ሞልቶት ነበር። ከተማዋ ይግባኝ ማለቷ ሕጋዊ መብቷ ነው። ይሁን እንጂ ክሱ ሲጀመር የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ የከተማዋ ነዋሪ ውጤቱን ያየው መራጭ ከሆነ በኋላ ነው።

ሦስተኛዋ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት የምትገኘው ያኪማ ናት። ከነዋሪዋ አርባ በመቶ የሚሆነው የላቲን አሜሪካ ተወላጅ ሆኖ ሳለ አንድም ላቲኖ ለከተማው ምክር ቤት ተመርጦ አያውቅም ነበር። በ2014 የፌዴራል ዳኛ የምርጫው ሥርዓት ሕግ ይጥሳል ብሎ ወሰነ። በ2015 በአዲሱ የወረዳ አከፋፈል ምርጫ ተደረገ፤ ሦስት ሴቶች ከዚያ ማኅበረሰብ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመረጡ። ከፍርዱ እስከ ምርጫው የተቆጠረው አንድ ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ከተማዋ ግን ክርክሩን እስከ መጨረሻው በመግፋቷ ለከሳሾች ጠበቆች የከፈለችው ገንዘብ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ያ ገንዘብ የነዋሪው ግብር ነበር። ነዋሪው የራሱን ድምፅ ለማስከበርም ለመከልከልም ከፈለ ማለት ነው።

እንግዲህ የከተማ አስተዳደሮች ምላሽ በሦስት ይከፈላል። ፍርዱን መፈጸም፣ ፍርዱን ማዘግየት፣ ፍርዱን በሌላ በር መዞር። ቱስኪጊ ልብ ልንላት የሚገባን በተለይ በሦስተኛው ምክንያት ነው። ድምፅ የሚወሰደው ሁልጊዜ በኮሮጆ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ በካርታ ይወሰዳል።

4. የዛሬው የከተማችን ሁኔታ

የካርታን ነገር ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ አዲስ አበባና ኦሮሚያ የወሰን ስምምነት ማድረጋቸው ተገልጿል። ስምምነቱ ይበጃል አይበጅም የሚለውን ክርክር ለሌላ ክፍል ትተናል። እዚህ ላይ የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። በወሰኑ ግራና ቀኝ የሚኖረው ሰው ለየትኛው ምክር ቤት እንደሚመርጥ ቀድሞ በጽሑፍ ተነግሮታል ወይ? ተጠይቋልስ ወይ?

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስና ከሌሎች ሰፈሮች የተነሱ ነዋሪዎች አሉ። ልማትን አንቃወምም። ነገር ግን ለትውልድ አብሮ የኖረ ዕድርተኛ በአንድ ሳምንት ሲበተን ከዕቃው ጋር የነዋሪነት መዝገቡም ይጓዛል። በአዲሱ ወረዳ የስድስት ወሩ ቆጠራ የሚጀምረው መቼ ነው? ሰውየው ከገባበት ቀን ነው ወይስ መታወቂያው ከታተመበት? የመሸኛ ደብዳቤው ቢዘገይ ጥፋቱ የማነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች ግልጽ መልስ ካልተሰጠ ሰዎች በራሳቸው ፈቃድ ባልለቀቁት ሰፈር ምክንያት መራጭነታቸውን ሊያጡ ይችላሉ።

አዲስ አበባ በ1997፣ በ2000፣ በ2005 እና በ2013 ዓ.ም. ድምፅ ሰጥታለች። በ2005 የተመረጠው ምክር ቤት ዘመኑ በ2010 ሲያበቃ ምርጫው ተራዘመ፤ እንደገናም ተራዘመ። ከተማዋ ስምንት ዓመት ሙሉ ምክር ቤቷን ሳትመርጥ ቆየች። ይህን ያህል ለጠበቀ ሕዝብ በምዝገባ ጠረጴዛ ፊት «ነገ ተመለሱ» ማለት አይገባም።

5. ለሚነሱብን ጥያቄዎች

«ፍርድ ቤትስ አይሳሳትም ወይ?» የሚሉን አሉ። ይሳሳታል። ዳኛ ሰው ነው፤ ይግባኝና ሰበር የተቀመጡትም ለዚህ ነው። የከተማው አስተዳደር ይግባኝ የማለት መብቱን አንነካም። የምንቃወመው አፈጻጸሙ በሕግ ሳይታገድ ይግባኝ አለኝ እያሉ ፍርድን በመሳቢያ መቆለፍን ነው። መብትን መጠቀምና ጊዜ መግደል የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

«አሁን እንዲህ የምትሉት ሥልጣን ስላልያዛችሁ ነው» የሚሉንም አሉ። ይህ ጥርጣሬ ተገቢ ነው። በአገራችን ሥልጣን ሳይዝ ስለ ሕግ የሰበከ፣ ሥልጣን ሲይዝ ሕጉን የረሳ ብዙ ታይቷል። ስለዚህ ቃላችንን ብቻ እንዲያምኑን አንጠይቅም። ከዚህ በታች ያሉትን ግዴታዎች ቀን ቆርጠን፣ ተጠያቂውን ለይተን ያስቀመጥነው ነዋሪው ሊቆጣጠረን እንዲችል ነው።

6. የምንገባው ግዴታ

በከተማው ምክር ቤት አብላጫ መቀመጫ ካገኘን፦

ሀ) የመምረጥና የመመረጥ መብትን የሚመለከት ማንኛውም የፍርድ ቤት ውሳኔ ለከተማው አስተዳደር በደረሰ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ እንዲፈጸም የሚያስገድድ ደንብ እናወጣለን። አፈጻጸሙ በበላይ ፍርድ ቤት ካልታገደ በስተቀር ይግባኝ መቅረቡ ምክንያት አይሆንም።

ለ) ውሳኔው የደረሰው ሠራተኛ ከበላይ ኃላፊ ሌላ ደብዳቤ ሳይጠብቅ እንዲፈጽም እናደርጋለን። ፍርድ በመፈጸሙ የሚነካው አይኖርም፤ ባለመፈጸሙ ግን በስሙ ይጠየቃል።

ሐ) የመታወቂያና የነዋሪነት ጥያቄ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ ያገኛል። መልሱ እምቢታ ከሆነ ምክንያቱና አቤት የሚባልበት ቦታ ተጽፎ ይሰጣል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ዜጋ በአስተዳደር ውሳኔ ላይ ፍርድ ቤት የሚሄድበትን በር ከፍቷል፤ እኛ በሩ ላይ የቆመውን ወረፋ እናሳጥራለን።

መ) በልማት ምክንያት የተነሳ ነዋሪ የነዋሪነት ዘመኑ ከተነሳበት ቀን ጋር ሳይቋረጥ እንዲቀጥል መዝገቡን ከተማው ራሱ ያስተላልፋል፤ ሰውየው ደብዳቤ ተሸክሞ አይመላለስም። በምርጫ ሕጉ በኩል ማሻሻያ የሚያስፈልገውንም ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እናቀርባለን።

ሠ) ምርጫ ሊደረግ አንድ ዓመት ሲቀረው የወረዳም ሆነ የክፍለ ከተማ ወሰን አንለውጥም። ከዚያ በፊት የሚደረግ ለውጥም ነዋሪው በግልጽ ስብሰባ ሳይመክርበት አይጸናም።

ረ) የከተማው አዳራሾች ለሁሉም ፓርቲዎች በተመሳሳይ ዋጋና በጥያቄ ቅደም ተከተል ይሰጣሉ። የወረፋው መዝገብ በአዳራሹ በር ላይ ይለጠፋል።

ሰ) የከተማው ዐቃቤ ሕግ የነዋሪን የድምፅ መብት በሚያሰፋ ፍርድ ላይ ይግባኝ ከማለቱ በፊት ምክር ቤቱ በግልጽ ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበታል፤ የክርክሩ ወጪም ለሕዝብ ይገለጻል።

ሸ) እነዚህ ግዴታዎች በራሳችን ላይ ሲፈረድም ይሠራሉ። በተለይ በራሳችን ላይ ሲፈረድ!

ክቡራን መራጮች፣

ያቺን ትእዛዙን በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን እናት እያሰብን ይህን ጽሑፍ እንዘጋለን። «ለሚቀጥለው» ብለዋል። ፍርድ ግን ለክፉ ቀን በጎተራ የሚቀመጥ እህል አይደለም፤ በተፈረደበት ወቅት ካልተበላ ይነቅዛል። እኚያ እናት ዳኛ አላጡም፤ ሕግም አላጡም። ያጡት ፍርዱን ተቀብሎ «እሺ እማማ፣ ይግቡ» የሚላቸው አስተዳደር ነው።

ያን አስተዳደር ለመመሥረት ድምፅዎን እንጠይቃለን። የመራጭነት ካርድዎን በጊዜ ያውጡ። ከተከለከሉ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። ጎረቤትዎንም ይዘው ይሂዱ። እኛን ባይመርጡን እንኳ ይምረጡ፤ የመረጡት ሰው ቢያሸንፍም ባያሸንፍም ድምፅዎ የተፈረደለት ይሁን።

የተፈረደለት ድምፅ ይከበር!

የፓርቲው ዋና ፀሐፊ